የፌርፋክስ ዜግነት ተፈታኞች መረዳጃ ማህበር

ከደሴ የወጣሁበት ምሽት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ እስከ ደጃችን ደርሶ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኘኝ መጥቷል። ቤታችን ጠባብ ስለሆነች ግማሹ ሰው ውጭ ነው የቆመው፤ ውጭ የቆመውን ደግሞ ጭጋጉ ስለሸፈነው ድምፁ እንጂ መልኩ አይታይም። "ሰዓዳ፣ እንዳትረሺን!" ይላል አንዱ ከጭጋጉ ውስጥ። ማን እንደሆነ ሳላውቅ "እንዴት እረሳሃለሁ!" እላለሁ። እስከ ዛሬ ማን እንደነበር አላውቅም፤ ይህን የምታነብ ከሆነ ግን አልረሳሁህም።

ዲቪ ደርሶኝ ነበር የምሄደው። አሜሪካን በፎቶ እንኳ አይቷት የማያውቅ ሰው ሁሉ ምክር ነበረው። አንዲት ጎረቤታችን "እዚያ ሰላምታ በቀጠሮ ነው፤ ሰው በጤናው እንዴት ነህ እያልሽ እንዳታስጨንቂ" አለችኝ። ከምክሩ ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘሁት የእሷን ብቻ ነው። እናቴ ግን አልመከረችኝም፣ አላለቀሰችም፤ ከሻንጣዬ ጋር ነበር የምትጣላው። እሷ በሶ ትከታለች፣ እኔ አወጣለሁ፤ እሷ ድርቆሽ ትከታለች፣ እኔ አወጣለሁ።

"እማዬ፣ ኤርፖርት ሚዛን አለ እኮ።"

"ሚዛኑን የሚያየው ሰው እናት የለውም?"

ቦሌ ስደርስ ሻንጣዬ ከልኩ አልፎ ተገኘ። ሚዛኑ ጋ የቆመው ልጅ "ምንድነው ይሄ ሁሉ?" አለኝ። "እኔ አይደለሁም፣ እናቴ ናት" አልኩት። ራሱን ነቅንቆ አሳለፈኝ። እናት ነበረው ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ግን፣ ከደሴ ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል፣ የእናቴን እጅ ይዤ "እማዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ፤ ኢንሻአላህ አብረን እንኖራለን" አልኳት። "አሚን፣ አላህ ያድርሰን" ብላ የሚኒባሱን በር ራሷ ዘጋችው። አባቴ ሳልጠግበው ነው የሞተው፤ እኔ ለእሷ አንድ ልጅ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ለእኔ እናትም አባትም እህትም ናት። በመንገዱ ላይ ያሰብኩት ሌላ ነገር አልነበረም፤ ደርሼ፣ ተደላድዬ፣ እሷን ማምጣት።

እንግዲህ ሎስ አንጀለስ ገባሁ። የዚህ አገር ፀሐይ ይሉኝታ የላትም። ደሴ ፀሐይ ስትወጣ ሰው ወጥቶ ይቀበላታል፣ ደመና ሲመጣ ደግሞ ፈቅዳ ትሄዳለች። እዚህ ጠዋት ትመጣና አትሄድም። ብርቱካኑ የፎቶ ያህል ያምራል፣ ጣዕሙም የፎቶ ነው። ዳቦው ስኳር አለበት፤ ለምን ስኳር እንደገባበት የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "ስኳር አለበት እንዴ?" ይለኛል። ሊፍት ውስጥ አብሮህ የወጣ ሰው ሲወርድ "ሃቭ ኤ ጉድ ዋን" ብሎህ ይሄዳል፤ ምኑን እንደሆነ አይነግርህም።

ሥራ ያገኘሁት በርባንክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል ነው፤ አልጋ አነጥፋለሁ። የምኖረው ኖርዝ ሆሊውድ፣ አንድ አርመን ሰውዬ ከሚያከራየው ህንፃ ላይ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ግሪን ካርዴን ይዤ ስኖር አንድ ቀን ጠበቃ ቢሮ ሄጄ "እናቴን ላመጣ ነው" አልኩ። ጠበቃዋ አሳዘንኳት መሰለኝ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ግሪን ካርድ ያላት ሴት ባሏን ማምጣት ትችላለች፣ ልጇን ማምጣት ትችላለች፤ እናት ግን ዜጋ ላልሆነ ሰው አይፈቀድም። ባል ይምጣ፣ እናት ትቅር የሚል ሕግ ማለት ነው። ያን ሕግ ያወጣው ሰው የፈታሁትን ባሌን ቢያውቀው ኖሮ ወዲያው ይገለብጠው ነበር።

ስለዚህ ዜጋ መሆን ነበረብኝ። ማመልከቻውን አስገባሁና ወደ ፌርፋክስ ሄድኩ።

ፌርፋክስ ላይ፣ የአበሻው ሰፈር መሀል፣ ከአንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ ጀርባ ሰፊ ክፍል አለ። በሳምንቱ ውስጥ የሽሮ ከረጢት ይቀመጥበታል፤ እሁድ ከሰዓት ከረጢቱ ወደ ግድግዳ ይገፋና የዜግነት ፈተና ትምህርት ይሰጥበታል። አስተማሪያችን ሊያ ትባላለች። እዚሁ የተወለደች፣ ፓሳዴና ኮሌጅ የምትማር፣ ወላጆቿ የአዲስ አበባ ሰዎች የሆኑ ልጅ ናት። ልቧ ቅቤ ነው። አማርኛዋ ግን አንቱታ የሚባል ነገር አልገባበትም።

የመጀመሪያው ቀን ጋሼ መኩሪያ ከቤተክርስቲያን መልስ ከረባታቸውን እንዳሰሩ ገቡ። ጋሼ መኩሪያ አገር ቤት ትምህርት ቤት በዳይሬክተርነት የመሩ፣ እዚህ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ተቀምጠው ትኬት የሚቆርጡ ሰው ናቸው፤ የበሩን ዱላ ሲያነሱ ሪባን የሚቆርጡ ነው የሚመስለው። ሊያ በፈገግታ "አንተ ማነህ?" አለቻቸው። አብረውን የሚማሩት እትዬ ትርንጎ ጉንጫቸውን ያዙ። ጋሼ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ልጄ፣ ለትልቅ ሰው እርስዎ ነው የሚባለው" አሏት።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ሶሪ! ኦኬ ጋሼ፣ አንተ እርስዎ ነህ" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አላረማትም፤ ማን ይጨክናል?

ጎበዝ አስተማሪ ነበረች። የኢሚግሬሽኑ ኦፊሰር ሲጠይቀን ምን እንደምንል ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደምንል ታስጠናን ነበር። "ጠይቄህ 'የስ' ለማለት ትንፋሽህን ወደ ውስጥ ስበህ 'እህ' አትበል፤ ኦፊሰሩ አስም ያለብህ ነው የሚመስለው፣ አምቡላንስ ኮል ያደርጋል" ትላለች። ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ "እህ" ይላል፤ ገብቶናል ለማለት ነው።

ችግሩ የተፈጠረው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሊያ "መኪናዬ ሚተሩ ሊያልቅ ነው፣ ሙቭ ላድርግ" ብላ ወጣች። ፌርፋክስ ላይ ፓርኪንግ ማግኘት እንዴት እንደሆነ እዚህ ያለ ያውቃል፤ ትንሽ ቆየች። ስትመለስ ሊቀመንበር ነበረን።

እኛ ምን እናድርግ? አበሻ ሦስት ሆኖ ሁለቴ ከተገናኘ ኮሚቴ ነው። ነገሩን የጀመሩት ጋሼ መኩሪያ ናቸው፤ "ሰው እየዘገየ ነው፣ ደንብ ያስፈልጋል" አሉ። ደንብ ካለ አስከባሪ ያስፈልጋል፤ አስከባሪ ካለ መመረጥ አለበት። እጅ አወጣን። ጋሼ መኩሪያ ሊቀመንበር፣ እኔ ምክትል፣ እትዬ ትርንጎ ገንዘብ ያዥ ሆኑ፤ ገንዘብ ግን አልነበረንም። ፀሐፊ፣ ኦዲተር፣ ሕዝብ ግንኙነት እያልን ስንቀጥል ሰው አለቀብንና ያለ ሥልጣን የቀረው አብዱ የሚባል ታክሲ የሚነዳ የኮምቦልቻ ልጅ ብቻ ሆነ። "እኔ ብቻዬን ተራ አባል ልሆን ነው? አድማ እንኳ ከማን ጋር ልምታ?" ብሎ አቤቱታ አቀረበ። በይደር ተያዘ።

ስሙም ወጣለት፤ የፌርፋክስ ዜግነት ተፈታኞች መረዳጃ ማህበር። የዘገየ ሰው ለሁሉም ሳምቡሳ ያመጣል። የታመመ ይጠየቃል። አንድ አባል ለኢንተርቪው ሲጠራ ሌላው አባል በሙሉ አብሮ ይሄዳል፤ ይህ በጭብጨባ ነው የፀደቀው፤ ሰው ወደ መንግሥት ቢሮ ብቻውን አይላክም።

ሊያ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። "ሶ ኪዩት!" አለች። ችግሩ እኛ የተማርነውን ሥራ ላይ ማዋላችን ነው። አንድ እሁድ የመንግሥት ሦስት ክንፎች እንዴት አንዱ ሌላውን እንደሚቆጣጠር አስተማረችን። እትዬ ትርንጎ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣

"ፕሬዚዳንቱ ለስንት ዓመት ነው የሚመረጠው ብለሽን ነበር?" አሏት።

"ለአራት።"

"ሊቀመንበርስ?"

ሁላችንም ወደ ጋሼ መኩሪያ ዞርን። ጋሼ መኩሪያ መጽሐፋቸውን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ "ስለ ሊቀመንበር እዚህ ላይ የተጻፈ ነገር የለም" አሉ። አብዱ ምርጫ ይደረግ አለ። ጋሼ መኩሪያ ምርጫ የሚጠራው ሊቀመንበሩ ነው አሉ። ሊቀመንበሩስ መቼ ይጠራል? ሁኔታው ሲፈቅድ። እኔ ምክትል እንደመሆኔ ነገሩ ቢሳካ የምጠላው አልነበረም። ሊያ "ዚስ ኢዝ አሜዚንግ" እያለች በስልኳ ትቀርጽ ነበር።

የሳቀችው ግን እስከሚቀጥለው እሁድ ነው። ያን ቀን እኔን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ኦፊሰር ሆነችና ትጠይቀኝ ጀመር። ፈተናው የታሪክ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ "እንዲህ አድርገሽ ታውቂያለሽ? እንዲያስ?" የሚባል ረጅም ምርመራ አለው። ሊያ ወረቀቷን ይዛ፣ "በሕይወትሽ የየትኛውም ማህበር፣ ድርጅት፣ ፓርቲ፣ ክበብ አባል ሆነሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

"እንዴ? የስ ነው?" አለች ሊያ።

"እድር አለኝ" አልኳት። "የሰፈር እድር፣ የገበያ እድር፣ እቁብ፣ የመስጊድ ጀመዓ።"

"እኔ ሁለት ፅዋ ማህበር አለብኝ" አሉ እትዬ ትርንጎ። "አንዱ የማርያም ነው፤ የለኝም ብል ትታዘበኛለች።"

ጋሼ መኩሪያ የወላጅ መምህራን ኮሚቴ፣ የመምህራን ማህበር፣ የቀበሌ ልማት ኮሚቴ፣ የተማሪዎች ንባብ ክበብ እያሉ መቁጠር ሲጀምሩ ሊያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀስ ብሎ አንድ ነገር ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት።

"ዌይት" አለች። "እናንተ እዚህ ያደረጋችሁት... ይሄ ራሱ ምንድነው?"

"ማህበር ነው" አሏት ጋሼ መኩሪያ በኩራት።

"ኦ ኖ። ኖ ኖ ኖ። ዲዞልቭ አድርጉት! ዛሬ!"

"ልጄ፣ ማህበር በጠቅላላ ጉባኤ እንጂ በአስተማሪ አይፈርስም። ደግሞ ጥያቄው 'በሕይወትሽ' ነው የሚለው፤ ብናፈርሰውም ነበርን።"

ሌላው ሰው ሲስቅ እኔ የቀጠሮ ደብዳቤዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከመሀላችን ቀጠሮ የደረሳት እኔ ነበርኩ። ማመልከቻዬን ስሞላ ማህበር የሚለውን ሳነብ እድር ትዝም አላለኝ፤ ፖለቲካ መስሎኝ "ኖ" ብዬ ነው ያለፍኩት። ሊያ ከትምህርቱ በኋላ ሱቁ በር ላይ ይዛኝ ቆመች። "ኦፊሰሩ ሲጠይቅሽ ማረም ትችያለሽ፤ ያ ኦኬ ነው። ግን አንዴ ራይት ሃንድሽን አንስተሽ ከማልሽ አትዋሺ። እውነቱን፣ አጭር አድርገሽ።" አጭር አድርጎ እድርን ማስረዳት እንዴት እንደሚቻል አልነገረችኝም። ወደ ክፍሉ ተመልሼ ከሽሮው ከረጢት ጥግ የአስር ሶላቴን ሰገድኩና ዱዓ አደረግኩ። እናቴን ጉልበቷን እያመማት ነው፤ አንዲት የዘመድ ልጅ ናት አብራት ያለችው። ከወደቅኩ ወይም ነገሩ ከተጓተተ የማጣው ጊዜ የእኔ አይደለም፣ የእሷ ነው። ይህን እያሰብኩ እስከ ኖርዝ ሆሊውድ ድረስ ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ማንንም አላየሁም።

አከራዬን ደረጃው ላይ አገኘሁት። እሱም ከዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ያለፈ ነው።

"ኢንተርቪው አለብኝ" አልኩት።

"ቀላል ነው። ሁሉንም ኖ በይ። ወንጀል? ኖ። ፓርቲ? ኖ። ማህበር? ኖ። መጨረሻ ላይ አገሪቱን ትወጃለሽ ሲልሽ የስ በይ።"

"ማህበር ግን አለኝ እኮ።"

"እኔም አለኝ፤ አርመን አይደለሁ? ኖ በይ።"

"የመታጠቢያ ቤቴን ቧንቧ በዚህ ሳምንት ትሠራልኛለህ?"

"ኖ።"

"የቤት ኪራይ ልትጨምር ነው የሚባለውስ?"

"የስ" አለኝና ወረደ። ሰውዬው ፈተናውን ገና አልጨረሰም።

በቀጠሮዬ ቀን ጠዋት ዳውንታውን፣ የመንግሥቱ ህንፃ በር ላይ ስደርስ ማህበሩ ቀድሞኛል። ጋሼ መኩሪያ ሙሉ ልብስ፣ እትዬ ትርንጎ ነጠላ፣ አብዱ ታክሲውን የት አቁሞ እንደመጣ እንጃ፤ ሊያ ሳትቀር ክላስ ትታ መጥታለች። የበሩ ጥበቃ አየን፣ ወረቀቴን አየ፣ እንደገና አየን።

"ቀጠሮ ያለው ማነው?"

"እሷ ናት" አሉ ሁሉም።

"ሌሎቻችሁስ?"

"ከእሷ ጋር ነን" አሉ ጋሼ መኩሪያ።

"ጠበቃ ናችሁ?"

"አይደለንም።"

"አስተርጓሚ?"

"አያስፈልጋትም።"

"ታዲያ ምንድናችሁ?"

ጋሼ መኩሪያ ትንሽ አሰቡና "አብረናት ነን" አሉት። ጥበቃው ይህን ቃል የሚያስገባበት ሳጥን አላገኘም መሰለኝ እኔን አስገብቶ እነሱን ማዶ ሣሩ ላይ እንዲቆሙ አደረጋቸው።

ኦፊሰሩ ቀጭን፣ ጉንፋን የያዘው ፈረንጅ ነበር። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ በመጋረጃ ተዘግቷል። የተነጋገርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ግን እዚህ በአማርኛ ስለምጽፈው ከነበርኩት በላይ አንደበተ ርቱዕ ብመስል አትፍረዱብኝ። ቀኝ እጄን አነሳሁ፣ ማልኩ። የታሪኩን ጥያቄ መለስኩ፤ አነበብኩ፤ ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ምርመራው ገባ። ኖ፣ ኖ፣ ኖ፤ አከራዬ ቢያየኝ ይኮራብኝ ነበር።

"የማህበር ወይም የክበብ አባል ሆነሽ ታውቂያለሽ? ኖ ብለሻል።"

ኖ ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ማን ያውቃል? እማዬ በልጅነቴ ስዋሽ ጆሮዬን እየያዘች "ለእኔ ብለሽ አትዋሺ፣ ለእኔ ብለሽ የምትዋሺው ነገር ይቅርብኝ" ትለኝ ነበር። አሁንም የምዋሸው ለእሷ ብዬ ነው የሚሆነው።

"ማረም እፈልጋለሁ" አልኩት። "የስ ነው።"

እስክሪብቶውን አነሳ። "የምን ማህበር?"

"እድር የሚባል። ሰው ሲሞት የምንቀብርበት።"

"ኢንሹራንስ ነው?"

"አይደለም። ኢንሹራንስ ገንዘብ ይልካል። እድር ራሱ ይመጣል።"

"ማን ነው የሚመጣው?"

"ሁሉም። ድንኳን ይዞ።"

ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ ዛሬም ማወቅ እፈልጋለሁ። "ሌላ?"

እቁቡን ነገርኩት፤ ጀመዓውን ነገርኩት። "ሌላ?" አለኝ እንደገና፤ እኔም ምያለሁና "አንድ አለ፤ አዲስ ነው" አልኩት። "ለዚህ ፈተና የተቋቋመ ነው።"

ቀና አለ። "ይህን ፈተና ለመፈተን ድርጅት አቋቁማችኋል?"

"ለመፈተን ሳይሆን አስተማሪዋ ፓርክ ልታደርግ ወጥታ ነው የተቋቋመው።"

"አንቺ እዚያ ውስጥ ምንድነሽ?"

"ምክትል ሊቀመንበር።"

አፍንጫውን በሶፍት ጠረገና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄደ። ድምፁ ከበፊቱ ጠንከር ያለ መሰለኝ። "መንግሥትን በኃይል ለመገልበጥ ደግፈሽ ወይም ሞክረሽ ታውቂያለሽ?"

"መንግሥትን? በፍፁም። ሊቀመንበሩን ግን ሞክረን ነበር፤ በኃይል ሳይሆን በምርጫ።"

"እና?"

"አልሆነም። ምርጫውን የሚጠራው እሱ ነው።"

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ምላሴን መቁረጥ አማረኝ። ከዚያ "ይህ ሊቀመንበር አሁን የት ነው ያለው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ውጭ ነው።"

"ውጭ አገር?"

"ውጭ፣ እዚህ፣ ሣሩ ላይ። ሁሉም ውጭ ናቸው። ሰው ብቻውን እዚህ አይላክም ብለን ወስነናል።"

ተነሳና መጋረጃውን ከፈተ። እኔም ተነስቼ አጠገቡ ቆምኩ። ከታች ሣሩ ላይ ሳምቡሳ እየተካፈሉ ነበር፤ አብዱ ከእነሱ ዘግይቶ ነበር የደረሰው ማለት ነው። "ከረባት ያሰረው ሊቀመንበሩ ነው" አልኩት። ጋሼ መኩሪያ ቀና ሲሉ መስኮቱ ላይ የመንግሥት ሰው አዩ፤ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ሁሉም ሳምቡሳቸውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ጋሼ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። ኦፊሰሩ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት እሱም ትንሽ ጎንበስ አለ።

ተመልሶ ተቀመጠና "እዚህ ብዙ ሠርቻለሁ" አለኝ። "እኔ ጥርሴን ሊነቅሉኝ ስሄድ አብሮኝ የሚሄድ አንድ ሰው አላገኘሁም።" ሳቅኩ፤ እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም፤ አሳዘነኝ። ወረቀቱ ላይ ጻፈ፣ ፈረመ፣ አዞረልኝ። አልፌያለሁ።

ስወጣ እትዬ ትርንጎ ፊቴን አይተው እልልታውን ለቀቁት። ጥበቃው ሬዲዮኑን አነሳ። ሊያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። ጋሼ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይህ ድል የአመራሩ ቆራጥነት ውጤት መሆኑን የሚገልጽ ንግግር ጀመሩ፤ አብዱ "ቢያንስ ዛሬ እንኳ ይተዉን" አላቸው። በእውነት ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የዜግነት መሐላው ከሳምንታት በኋላ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሆነ፤ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ እጁን አንስቶ አብሮ ማለ፤ ለያንዳንዳችን ትንሽ ባንዲራ ሰጡን። አመሻሽ ላይ ቤቴ ገብቼ ደወልኩ። ደሴ ሊነጋ ነው፤ እማዬ ሱብሂ ሰግዳ ስታበቃ ጠብቄ ነው።

"እማዬ፣ ዜጋ ሆንኩ! ማልኩ! አለቀ!"

"አልሃምዱሊላህ! አልሃምዱሊላህ!" ስልኩን ጥላ እልል ስትል ሰማኋት፤ አብራት ያለችውን የዘመድ ልጅ "ተነሺ፣ ሰዓዳ ወረቀቷን አገኘች!" ስትላት፤ ከዚያ ስልኩን ከወደቀበት አንስታ እየሳቀችና እያለቀሰች ተመለሰች። "እንግዲህ ከአሁን በኋላ የሚይዝሽ ነገር የለም?"

"የለም እማዬ። ነገ ጠበቃዋ ጋ እሄዳለሁ።"

"ሂጂ፣ ሂጂ። እና መቼ ነው የምትመጪው?"

"መጥቼ ልጠይቅሽ?"

"የምን ጥየቃ አመጣሽ! ጠቅልለሽ ነዋ። ወረቀቷን ስታገኝ ነፃ ናት፣ ማንም አይከለክላትም ሲሉኝ አይደል ስጠብቅ የኖርኩት? ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼዋለሁ። ሰኞ ገበያ ያለውን፣ ትነግጂበት የነበረውን ሱቅሽን የተከራየውን ሰውዬም ልጄ ልትገባ ነው፣ ሌላ ሱቅ ፈልግ ብዬዋለሁ፤ መጀመሪያ አኮረፈ፣ አሁን ግን እሺ ብሏል።"

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ እኔ እኮ ይህን ሁሉ የለፋሁት አንቺን ላመጣሽ ነው።"

"እኔን? የት?"

"እዚህ፣ እኔ ጋ።"

ሳቀች። እየቀለድኩ መስሏት ነው፤ አመሌን ታውቀዋለች። እኔ ሳልስቅ ስቀር ግን እሷም ቀስ እያለች ተወችው።

"እኔ እኮ ሌት ተቀን ዱዓ ያደረግኩት አንቺ እንድትገቢልኝ ነው" አለችኝ። "አንቺ ደግሞ እኔ እንድወጣ ነው ያደረግሽው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ዛሬ የተቀበለው የማናችንን ነው?"

ናፍቃኛለች፤ ድምጿ ጆሮዬ ውስጥ ሆኖ እንኳ ትናፍቀኛለች። በስልኩ ውስጥ ደሴ ደጃችን ላይ ጎረቤቶች እየመጡ እንደሆነ ይሰማኛል፤ አንዷ ከሩቁ ትጮኻለች፣ እንኳን ደስ አለሽ እያለች።

"እማዬ" አልኳት፣ "ስንለያይ አብረን እንኖራለን ስልሽ አሚን ብለሽኝ አልነበር? የት መስሎሽ ነው?"

"ቤታችን ነዋ" አለችኝ። "ሌላ የት አለን?"